የሚስማር ቀዳዳ ብርሃን

ኛቡዋይ ጁባ ከገባች ወዲህ ቤቷን ነቅላ ተክላለች፣ እንደገና ነቅላ ተክላለች። መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ነበረች፣ ጀልባዎቹ ማሽላና ሲሚንቶ የሚያራግፉበት ጋ። ክረምት ላይ ባሕሩ ሞልቶ መጣ። የጁባ ሰው ዓባይን «ባሕር» ነው የሚለው። ቆርቆሮዋን ነቀለችና ተሸክማ ወጣች። ቀጥላ በሰፈረችበት ቦታ ደግሞ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው መኪና ይዞ መጣ። እሱንም ለምን አላለችውም፤ ቆርቆሮዋን ነቀለች። አሁን ያለችው ከኮሎሎ መንገድ ጀርባ፣ ቤቱ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ በተደጋገፈበት ሰፈር ነው። ያው ቆርቆሮ ነው አብሯት የዞረው።

እንግዲህ ቆርቆሮ ሲነቀል ሚስማሩ ይወጣል፣ ቀዳዳው ግን ይቀራል። አዲሱ ቤት ላይ ማገሩ ሌላ ቦታ ስለሚያርፍ ሚስማሩም ሌላ ቦታ ይመታል። እንዲህ እንዲህ ሲባል ጣሪያው ወንፊት ይሆናል። ጁባ ውስጥ ብዙ የዞረ ሰው ጣሪያው ያሳብቅበታል፤ ቤቱ ገብቶ ቀና ያለ ሁሉ ምን ያህል እንደተንገላታ ያውቃል። ስለዚህ ሰው ቀዳዳውን በሬንጅ ይደፍናል፣ ሬንጅ ያጣም በሳሙና። ኛቡዋይ ግን ከአልጋዋ በላይ ያለውን ብቻ ደፍና ሌላውን ተወችው። ዝናብ ሲመጣ ሳፋ ታቀርባለች።

«ስንፍና ነው ይሄ» ትላታለች ጎረቤቷ ዩኒስ።

«ይሁን» ትላለች ኛቡዋይ።

መቼም ዝምተኛ ናት። ያደገችው ጋምቤላ፣ ስደተኛ ሰፈር ውስጥ ነው። እዚያ ፊደል ቆጥራለች፤ አጭር ቃል ታነባለች፣ ረጅም ቃል ሲመጣ ግን ግማሹ ላይ ይደክማታል። ሰው ፊት ወረቀት ሲሰጧት «መነጽሬን ረሳሁ» ትላለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም። አማርኛው ግን አጥንቷ ድረስ ገብቷል፤ ትኩስ ነገር ሲነካት እንኳ በእናቷ ቋንቋ አትጮኽም፣ «ውይ በሞትኩት!» ነው የምትለው።

ኮሎሎ ውስጥ አንድ ሎጅ ቀጥሯት አንሶላ ታጥባለች። የሎጁ ደረጃ ግድግዳው ባለቀዳዳ ብሎኬት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በዚያ ትገባና ደረጃው ላይ ትሰባበራለች። ኛቡዋይ አንሶላ ታቅፋ ስትወርድ ብርሃኑን ላለመርገጥ ጥላ ጥላውን እየመረጠች ትዘላለች። ከመዝለሏ በፊት ግን ሰው መኖር አለመኖሩን ዞር ብላ ታያለች።

ሳሙናና በረኪና የምትገዛው ጁባ ታውን፣ ከዘሀራ ሱቅ ነው። ዘሀራ የጅማ ሴት ናት። ባልዲ፣ ደብተር፣ ማበጠሪያ፣ የማትሸጠው የለም። ከሐበሻ ጋር አማርኛ፣ ከአገሬው ጋር ዓረብኛ፣ ከቢሮ ሰዎች ጋር እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ሁሉንም በጩኸት። አንድ ቀን ክዳኑ የተሰነጠቀ የልጆች የውሃ ቀለም ሳጥን አውጥታ ባንኮኒው ላይ ወረወረችላት።

«ኛቡዋይ፣ ይሄን ውሰጂ። ተሰብሮ ነው የመጣው፣ ወላሂ ማንም አይገዛኝም። ለልጆችሽ ይሁን።»

ኛቡዋይ ልጅ የላትም። ይህን መናገር አፈረችና ተቀበለች። ቀለም የጀመረችው እንዲህ ነው፤ «የለኝም» ማለት አፍራ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሯን ትዘጋለች። ቀትር ላይ ያ ቤት ምድጃ ነው፤ ግን ፀሐይ ልክ ከአናት የምትወርደው ያኔ ነው። ከዘሀራ የገዛችውን ማኒላ ወረቀት ወለሉ ላይ ታነጥፋለች። ከየቀዳዳው የወረደው ብርሃን ወረቀቱ ላይ እንደ ሳንቲም ይቀመጣል። ኛቡዋይ የሻማ ቁራጭ ይዛ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ ታሻለች፤ ሻማ የነካው ወረቀት ቀለም አይቀበልምና። ፀሐይ ደግሞ አትቆምም። ጥቂት ቆይታ ስታይ ሳንቲሙ ፈቀቅ ብሏል። ትከተለዋለች። ነጠብጣቡ መስመር ይሆናል፣ መስመሩ ይጠማዘዛል። ከዚያ ቀለሙን በባሕር ውሃ ታቀጥነዋለች፣ ቦቴው ያመጣውን፣ ሳይጠልል። ደለሉ ቀለሙ ውስጥ ይቀርና ሲደርቅ ዳር ዳሩን አፈር አፈር ይላል።

ምን እንደምትስል ብትጠየቅ አታውቅም። ቤት ነው እንዳይባል በር የለው፣ መስኮት የለው። ግን ቤት የሚሠራበት ነገር ሁሉ አለበት፦ ቋሚው፣ ማገሩ፣ የቆርቆሮው መደራረቢያ፣ ግድግዳና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥቁረት። ሰማያዊው ወደ ግራጫው ይፈሳል፣ ግራጫው ወደ ቢጫው። ብርሃኑን ግን አትቀባውም፤ ባዶውን ወረቀት ትተውለታለች።

የሠራችውን ሁሉ ፍራሽ ሥር ትከታለች። አንዱን፣ ትልቁን ግን፣ ሰማያዊ ቀለም ሲያልቅባት ጠቅልላ ወደ ዘሀራ ይዛው ሄደች። «እንደዚህ ያለ ሰማያዊ ስጪኝ» ለማለት ነው እንጂ ለማሳየት አልነበረም።

ዘሀራ ዘረጋችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አያምርም። ማን ሠራው?»

ኛቡዋይ ወለሉን አየች።

«አንቺ ነሽ? ያ ረቢ! እኔ ዘንድ እየመጣሽ ‹ሳሙና ስጪኝ› ብቻ ነው የምትዪኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ተሸክመሽ ኖሯል? እዚህ ይሰቀላል። ሱቄ ውስጥ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም፤ ባልዲ፣ ባልዲ፣ ባልዲ!»

«ሰው ያየዋል» አለች ኛቡዋይ።

«ለዚያ ነው የሚሰቀለው፣ እህቴ!»

ከባንኮኒው በላይ ተሰቀለ። በዚያ ሳምንት ኛቡዋይ ሳሙና ሳያልቅባት ሳሙና ልትገዛ ሄደች። በር ላይ ቆማ ቀና አለች። ከሩቅ ሲያዩት ሌላ ነው፤ ብርሃኑ ከወረቀቱ ኋላ የሚመጣ ይመስላል። ከመንገድ የመጣች ሴት ባልዲ ልትመርጥ ገብታ እሱን እያየች ባልዲውን ረሳችው። ኛቡዋይ ይህን አየች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደ መዝፈን ያለ ነገር ነበረ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰሞኑን ሰፈሩ ሊለካ ነው፣ ሊሸነሸን ነው የሚል ወሬ ነበረ። ባለሦስት እግር መሣሪያ የተከሉ ሰዎች ታይተዋል ተባለ፤ ከየት እንደመጡ የሚያውቅ የለም። አንዳንድ አጥር ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ተገኘ። ቀይ የተቀባ ቤት ይፈርሳል፣ ይህን ጁባ ውስጥ ሕፃንም ያውቃል። የኛቡዋይ ሥዕል ላይ ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ቀይ ሰንበር ነበረ። ጣሪያዋ ላይ ካለው ዝገት የመጣ ነው።

አንድ የሰፈሩ ሰው ደብተር ሊገዛ ዘሀራ ሱቅ ገባ። ቀና አለ። ትንንሽ አራት ማዕዘኖች፣ እርስ በርስ የተጣበቁ። መሀል ለመሀል ቀይ። ነጭ ነጭ ነጠብጣብ። ደብተሩን ትቶ ወጣና ሮጠ። «ካርታችንን አየሁት! ሐበሻዋ ሱቅ ተሰቅሏል! ቀዩ መንገድ ነው፣ ነጩ ችካል ነው!»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሙሉ ዘሀራ በር ላይ ነበር። ሁሉም ጣቱን እየቀሰረ ቤቱን ፈለገ፣ አገኘም። «ይኸው የእኔ፣ ከቀዩ ውጭ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» የሚል አለ። ሌላው «አንተማ የሰው ግቢ ገብተሃል፣ ያ የእኔ ሽንት ቤት ነው!» ይለዋል። አንድ ሽማግሌ ዛፉን አገኘ። ዩኒስ ተጋፍታ ገብታ ቤቷን ልክ ቀዩ ሥር አየችው። እሪ እያለች ኛቡዋይ ዘንድ መጣች።

«ፈረስኩ! ኛቡዋይ፣ ፈረስኩ! በዓይኔ አየሁት!»

«ምኑን?»

«ካርታውን! ዘሀራ ሱቅ ያለውን!»

ኛቡዋይ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ዝምታ እንደሆነ ያደገችበት ነው። የዩኒስ እንባ ግን አላስቻላትም።

«ካርታ አይደለም። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ዩኒስ ማልቀሷን አቆመች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አንቺ?» አለች። «አንቺ ነሽ የለካሽን? ለማን ነው የምትሠሪው?»

ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አልተቻለም። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ሰልፉ ዝም ይላል። «መሐንዲሷ መጣች» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ደህና አድርገሽ ለኪኝ፣ ወገቤ ሰፊ ነው» ብሎ ያስቃል። ዘሀራም ልጅ ልካ አስጠራቻት። ሥዕሉን አውርዳ፣ ጠቅልላ፣ በፌስታል አድርጋዋለች።

«እህቴ፣ ይቅር በዪኝ። እኔ የሰው አገር ሰው ነኝ። ትናንት በሬን በድንጋይ መቱት። ውሰጂልኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወላሂ ከዚህ ሱቅ ውስጥ ከወደድኩት ሁሉ እሱ ነበር።»

ኛቡዋይ ተቀበለች። ወደ ቤት ወስዳ ፍራሽ ሥር ልትከተው ጎንበስ አለች፣ ግን አልከተተችውም። ግድግዳው ላይ አስደግፋው አጠገቡ ተቀመጠች።

እሁድ ሱልጣን ኦጅዎክ ስብሰባ ጠራ። ሱልጣን የሚባለው የሰፈሩ አለቃ ነው፤ ጠብ የሚዳኝ፣ ለቅሶ የሚያስተባብር። ኦጅዎክ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም ኢትዮጵያ ያደገ ነው፤ ስብሰባውን በዓረብኛ ይመራል፣ ሲናደድ ግን አማርኛው ያመልጠዋል። ሰው ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። ኛቡዋይ ሥዕሉን ታቅፋ መጣች።

ሱልጣን ሥዕሉን አስዘረጋውና ዞሮ ዞሮ አየው። ገልብጦም አየው።

«እኔ ካርታ አይቻለሁ» አለ። «ይሄ ካርታ አይደለም። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ኛቡዋይ፣ ምንድን ነው?»

«ቤቴ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ነው።»

ሳቅ ሆነ። «ብርሃን ቀይ ነው እንዴ?» አለ አንዱ። «ብርሃን ተለክቶ ያውቃል?» አለ ሌላው።

ሱልጣን እጁን አነሳ። «ስሚኝ ልጄ። ካርታ እንዳልሆነ እኔ አውቄያለሁ። ሰዉ ግን ፈርቷል፣ የፈራ ሰው ድንጋይ ይወረውራል። አንድ ወረቀት ነው። እዚሁ ቅደጂውና ሰፈሩ ይተኛ። ከላስ፣ አለቀ።»

ኛቡዋይ ወረቀቱን መልሳ አቀፈችው። በዚህ መሀል ዩኒስ ተነሳች። ተቀይማም ቢሆን ዩኒስ ዩኒስ ናት፣ መላ አታጣም።

«ሱልጣን፣ ኛቡዋይ ከምትቀደው ለምን ላም አትስልበትም?»

«ላም?»

«አዎ! እዚህ ጥግ ላይ። ላም ያለበት ካርታ የት አለ? ላም ካለበት ሥዕል ነው፣ ማንም አይፈራውም።»

ሰዉ አጉረመረመ፣ ከዚያ ሞቀ። «እውነቷን ነው!» «ቀንዷ ረጅም ይሁን!» «ነጭ ላም ትሁን!» «ቀዩን በላሟ ሸፍኚው!» ሽማግሌው ጥጃ ትጨመር አለ። ሱልጣንም ፊቱ በራ። «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። «ኛቡዋይ፣ ላም ሳዪበትና ሂጂ። እዚህ ፊታችን።»

ቀላል ነበር። እውነት ለመናገር ላም መሳል ትችላለች፤ ልጅ ሆና በከሰል ግድግዳ ላይ ስትስል ያደገችው ላም ነው። አንዲት ላም፣ አራት እግር፣ ሁለት ቀንድ፤ ሰልፉ ላይ ያለው ዝምታ ይቀራል፣ ዩኒስ ትስቅላታለች፣ ዘሀራም ምናልባት መልሳ ትሰቅለዋለች። ወረቀቱን አየችው። ላሟ የምትቆምበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። የትም ብትቆም ብርሃን ላይ ነው የምትቆመው።

«አይሆንም» አለች።

ድምጿ ትንሽ ስለነበር ያልሰማ ነበር። «ምን አለች?» አሉ ከኋላ።

«አይሆንም አልኩ! ላም ቤቴ ገብታ አታውቅም!»

«የከብት አርቢ ልጅ ሆነሽ ላም እምቢ ትያለሽ?» አለ አንዱ፣ ሰዉም ሳቀ።

«እምቢ። የሌለችውን ላም አልስልም። ይሄ ነው ያለው፣ ይሄን ነው የሠራሁት።»

ሱልጣን ኦጅዎክ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ አታናድጂኝ!» አለ፣ በአማርኛ። «እኔ ላንቺ መውጫ ስፈልግ ትደርቂብኛለሽ? እንግዲያው ስጪኝ፣ እኔው ልቅደደው!»

እጁን ዘረጋ።

ኛቡዋይ ሰው ፊት አውርታ አታውቅም። ቀና ብላ እሱን ማየት አልቻለችም፤ የተናገረችው ለዘረጋው እጁ ነው።

«ሱልጣን፣ እኔ ሂጂ ሲሉኝ የምሄድ ሰው ነኝ። ባሕሩ መጣ፣ ቆርቆሮዬን ነቅዬ ሄድኩ። ባለቤት ነኝ ያለ መጣ፣ ነቅዬ ሄድኩ። ካርታ አለህ ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ቢያሳየኝም ማንበቤን እንጃ። ነገ ዶዘር ከመጣ የእኔም ቤት ይፈርሳል። ከናንተ የተለየ ቤት የለኝም። ዶዘሩን አልችለውም። እጄ ግን የእኔ ነው፣ በገዛ እጄ አልቀደውም። አልሰጥምም። ከፈለጉ ይቀሙኝ።»

ትን አላት። ሳለች።

ሱልጣን እጁን እንደዘረጋ ቆየ። ሴት ልጅ ያቀፈችውን ነገር፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ መንጠቅ ይችላል? ማን ይከለክለዋል? አንድ ሕፃን ብቻ «ቀማት፣ ቀማት» አለ፣ እናቱ አፉን ያዘችው። ሱልጣን እጁን አጠፈና ኪሱ ውስጥ ጨመረው።

«እኔ ቀማኛ አይደለሁም» አለ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ግን ሐበሻዋ ሱቅ ተመልሶ እንዳይሰቀል! ያች ሴት ምን አደረገች? በሷ ላይ ድንጋይ የወረወረም ሰው ይስማ፣ አውቄዋለሁ!»

«ዘሀራ ጋ አልሰቅለውም» አለች ኛቡዋይ። «ቤቴ ነው የምሰቅለው።»

«ጥሩ። ቤትሽ ውስጥ እንደፈለግሽ።»

«ውስጥ አይደለም። በሩ ላይ።»

«በሩ ላይ? መንገዱ ላይ?»

«በሩ የእኔ ነው፣ ሱልጣን። ካርታ ነው የሚል ይምጣና ቤቱን ይፈልግበት። እኔ እዚያው ነኝ።»

ሱልጣን ራሱን ነቀነቀና ወንበሩን አንስቶ ሄደ። ስብሰባው አለቀም አልተባለ፤ ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ። «አብዳለች» ያለ ነበረ። «ልክ ናት» ያለም ነበረ፣ ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ኛቡዋይ ቤቷ ደርሳ መዶሻ አጣች። በድንጋይ ሞከረች፣ ሚስማሩ ተጣመመ። ዞር ስትል ዩኒስ አጥሩ ጋ ቆማለች፣ መዶሻ ይዛለች። ፊቷ አሁንም ኮስተር እንዳለ ነው።

«ላሚቱ ይሻልሽ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ቀዩ ሥር ያለው የእኔ ቤት አይደለም? ማዪልኝ።»

«ያሳደገኝን! የማንም ቤት አይደለም፣ ዩኒስ። የኔ ጣሪያ ዝገት ነው።»

ዩኒስ ተጠግታ አየችው። «እኔ እንጃ» አለች። «አሁንም ቤቴን ነው የማየው።» ግን መዶሻውን ሰጠቻት፣ ወረቀቱንም እንዳያጋድል ከታች ያዘችላት።

«ዝናብ ቢመጣስ? ውሃ ቀለም አይደለም እንዴ?»

«ይውሰደዋ። ዝናብ ይውሰደው። ሰው አይወስደውም።»

አንድ የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ ተሳፋሪ እንደጫነ ሞተሩን አቀዝቅዞ ቆመ። ስብሰባው ላይ ከሳቁት አንዱ ነው። «አንቺ መሐንዲስ!» ብሎ ጮኸ። «የእኔን ቤት አሳዪኝ እንጂ፣ የት ጋ ነው?»

ኛቡዋይ በአፏ ሚስማር ነክሳ ነበር። አወጣችውና ዞረች።

«የለህበትም!» አለችው። «ሂድና የራስህን ሳል!»

ተሳፋሪው በሳቅ ሞተሩ ላይ ሊወድቅ ደረሰ። ኛቡዋይ መልሳ ወደ በሩ ዞረች፣ ሚስማሩን ቦታው ላይ አደረገችና መታችው።